ናይሮቢ ላይ የተጠረጠረው ትንፋሼ

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ከኮልፌ ጀምሮ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ድረስ፣ እንደ እኔ ያለ አስተማሪ አልነበረም። ገና ከኮሌጅ ሳልመረቅ ሁለት አገሮች ተሻምተውብኛል። ጠመኔ ሳነሳ ዝንብ እንኳ ግድግዳው ላይ አርፋ ታዳምጠኝ ነበር። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው እርስ በርስ ይተያዩና «አባዬ ደግሞ ጀመረው» ይላሉ።

ስለዚህ ሌላ ሰው ሳይቀንስብኝ ራሴው ልቀንስ። አስተማሪ አልነበርኩም፤ ለመመረቅ የማስተማር ልምምድ የቀረው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ሕንድ ውቅያኖስንም አላየሁትም። የደረስኩት እስከ ናይሮቢ ነው፣ ናይሮቢ ደግሞ ባሕር የለውም። ሁለቱ አገሮች መሻማታቸው ግን እውነት ነው። የተሻሙት ማን ይውሰደው ብለው ሳይሆን ማን ይገላገለው ብለው ነበር። ዝንቧ ነበረች።

ልምምዱ ሁለት ግማሽ ነበረው። የመጀመሪያውን ግማሽ ሁሉም በየሰፈሩ አቅራቢያ ይሠራል። እኔ ኮልፌ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ደረሰኝ። ከቤታችን በእግር የሚኬድ ነው። እኔ ግን ክብሬን ለመጠበቅ አንድ ፌርማታ በአውቶቡስ እሄድ ነበር። አስተማሪ አቧራ ለብሶ አይገባም ብዬ።

ተማሪዎቼ አብዛኞቹ የነጋዴ ልጆች ነበሩ። ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ጎረምሶች ጢም ነበራቸው፤ እኔ አልነበረኝም። ጠዋት በአባታቸው ሱቅ ጨርቅ ሲለኩ ያረፍዱና ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ከእነሱ አንዱን፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋውን፣ «እርስዎ መልሱን ያውቃሉ?» ብዬው ክፍሉ ለሳምንት ሳቀብኝ። እሱም ሰንብቶ «ቲቸር፣ እኔ እንኳ አንቱታውን ወድጄው ነበር» አለኝ።

የሚቆጣጠሩን መምህር፣ የኮሌጁ ሽማግሌ፣ የራሳቸው የሆነ ጠባይ ነበራቸው። ሲደሰቱ «አንተ» ይሉናል፤ ሲናደዱ «እርስዎ»። ከእሳቸው አፍ አንቱታ የሰማ ተማሪ «አለቀልኝ» ይላል።

እኔን ሊገመግሙ በመጡበት ዕለት ትምህርቱ ስለ ዝናብ ነበር። ዝናቡም ሰምቶ መጣ። ዝናብ ብቻ ቢሆን ምን ችግር አለ፤ በረዶ ነው የመጣው፣ ጣሪያው ደግሞ ቆርቆሮ። ሰማይ ላይ አንድ ሰው የባቄላ ጆንያ እየዘረገፈብን ያለ ይመስል ነበር። ሌላ አስተማሪ ቢሆን ያቆማል። እኔ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። በረዶው ሲጨምር እኔም ጨመርኩ። እንፋሎት እንዴት እንደሚወጣ፣ ደመና እንዴት እንደሚሆን፣ እንደ አዋጅ ነጋሪ ጮህኩ።

«ቲቸር!» አለኝ ባለ ሰፊ ትከሻው ከኋላ። «ትንሽ ይታገሡት፣ ያልፋል!»

አልታገሥኩትም። ደወሉ ሲደወል በረዶው ካቆመ ቆይቷል፣ እኔ ግን ገና እየጮህኩ ነበር፤ ድምፄ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይል ነበር።

መምህራችን ከክፍሉ ወጥተው ከጣሪያው ጠፈጠፍ ስር ጠበቁኝ።

«እርስዎ» አሉኝ። «አንድ ልጅ አንድ ቃል ሲተነፍስ አልሰማሁም። ዝናቡን እንኳ እንዲናገር አልፈቀዱለትም።»

«መምህር፣ በረዶው እኮ ነው...»

«በረዶውማ አቆመ። ያላቆሙት እርስዎ ነዎት።» ባርኔጣቸውን አጠለቁ። «ሁለተኛውን ግማሽ ራሴ መጥቼ አየዋለሁ። እዚያም ብቻዎን ሲያወሩ ካገኘሁዎት ዘንድሮ ምርቃት የለም። ልጆቹ ይናገሩ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ልጆቹ ይናገሩ።»

ዘንድሮ ምርቃት የለም ማለት ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። አባቴ ኮልፌ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። ልጁ ዘንድሮ እንደሚመረቅ ከቤታችን እስከ አስኮ ድረስ ላለ ሰው ነግሮ ጨርሷል። ደንበኛ አቡጀዲ ሊገዛ ቢገባ ስለ ምርቃቴ ሳይሰማ አይወጣም። ወሬውን በአማርኛ ይጀምረዋል፤ ሲሞቀው በጉራጊኛ ይጨርሰዋል፤ ደንበኛው ጉራጊኛ ባይሰማም ግድ የለውም። እናቴም ለዕለቱ የምትለብሰውን ቀሚስ አሰፍታ ሳጥን ውስጥ ከታለች። ከእንግዲህ «ለከርሞ ተላልፏል» ብዬ እንዴት እነግራቸዋለሁ? ኮልፌን ጥዬ ብጠፋ ይሻለኛል።

ሁለተኛው ግማሽ ናይሮቢ ነበር። ኮሌጃችን ከአንድ የኬንያ ኮሌጅ ጋር ተማሪ ይለዋወጥ ነበርና ጥቂቶች ለልምምድ ወደዚያ ይላካሉ። ሰፈር ውስጥ «በውጤት ተመርጬ ነው» ብያለሁ። ዝርዝሩ ላይ ከእኔ በፊት ሁለት ጎበዞች ነበሩ። የቢጫ ወባ ክትባት መርፌው በክንድ ገብቶ በጀርባ ይወጣል የሚል ወሬ ግቢው ውስጥ ሲናፈስ ሁለቱም ሐሳባቸውን ለወጡ። ወሬውን ማን እንዳስጀመረው አላውቅም። ማለቴ፣ አልናገርም።

የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ከከተማው ወጣ ያለ፣ ጽዳቱ የሚያስፈራ ግቢ ነበር። ክፍሉን የተረከብኩት በእናቴ ዕድሜ ካሉ ረጅም ኬንያዊት መምህርት ነው፤ ደርባባ ሴት ናቸው፣ ልጆቹ በዐይናቸው ብቻ ይታዘዙላቸዋል። ልጆቹ ሰማያዊ ሹራብ ለብሰው፣ ስገባ ባንድ ጊዜ ብድግ አሉ። እኔ በበኩሌ መዳፌ ላይ በእስክሪፕቶ «ዝም» ብዬ ጽፌ ነበር። እዚህ የሚናገሩት ልጆቹ ናቸው። እኔ የምጠይቅ ብቻ ነኝ።

«ከአፍሪካ ሐይቆች ትልቁ ማን ነው?» ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁ።

ከፊት ወንበር አንዲት ቀጭን ልጅ ተነሳች። «ቪክቶሪያ፣ ሰር።»

እኔም እንደማንኛውም የኮልፌ ሰው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «ህእ!» አልኩ። አዎ፣ ልክ ነሽ፣ ጎበዝ ማለቴ ነው።

ልጅቷ ዐይኗ ፈጠጠ። ዘወር ብላ ጓደኞቿን አየች። «ይቅርታ ሰር። ታንጋኒካ።»

«አይ! ቪክቶሪያ ነው እንጂ።»

ተቀመጠች። የተከፋች መሰለኝ። ወደ ሌላ ልጅ ዞርኩ።

«ከአፍሪካ ተራሮች ረጅሙስ?»

«ኪሊማንጃሮ፣ ሰር።»

«ህእ!»

«ኬንያ ተራራ!» አለ ልጁ ቶሎ ብሎ።

«ምን ነካችሁ? ኪሊማንጃሮ ነው!»

ለስጦታ እንዲሆን የአገሬን ዋና ከተማ ጠየቅሁ። አንዱ ከጥግ «አዲስ አበባ» አለ። «ህእ!» አልኩት በደስታ። እሱ ሌላ መልስ እንኳ አልሞከረም፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ከጠረጴዛው ስር የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው አጎነበሰ።

ያቺን ትንፋሽ ኮልፌ ውስጥ የሚያስተውላት የለም። አባቴ ደንበኛ ሲያነጋግር ይስባታል፤ እናቴ ከጎረቤት ጋር አጥር ላይ ሲያወሩ ሁለቱም እየተቀባበሉ ይስቧታል። እኔም እንደምስባት አላውቅም ነበር። ሰው ዐይኑን ሲያርገበግብ ያውቀዋል እንዴ?

ሁለተኛው ሳምንት ሲገባ ክፍሉ ጭጭ አለ። ኮልፌ ላይ ልጆቹ ጣታቸውን እያጮሁ «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» ሲሉኝ ዕድል ነፍጌአቸው ነበር። እዚህ ደግሞ እለምናለሁ፣ የሚመልስ የለም። የሁለትና ሁለት ድምር ብጠይቃቸው እንኳ ተያይተው ዝም የሚሉ ይመስለኛል። መምህራችን ሊመጡ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲጨነቅ አይታችሁ አታውቁም፤ ሱሪዬ በቀበቶ አልያዝ እስኪል ድረስ ከሳሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ መምህርቷ ክፍል ውስጥ አስቀሩኝ።

«ልጄ፣ ደረትህን ያምሃል?»

«ኧረ ጤነኛ ነኝ።»

«አትደብቀኝ። ልጆቹ ፈርተውልሃል። አንድ ነገር ሲወጋህ ይታያቸዋል። ሐኪም ዘንድ ብወስድህ ትሄዳለህ?»

እንደ እናት ስለተቆረቆሩልኝ እንዴት እንቢ እላለሁ። «ህእ» አልኩ።

«ይኸው!» አሉና ክንዴን ይዘው ወደ ክሊኒኩ ወሰዱኝ።

ሐኪሙ ወጣት፣ ትጉህ፣ ጥያቄ የማያልቅበት ሰው ነበር። ማሳል፣ ማላብ፣ ማስመለስ ሁሉ ጠየቀኝ፤ የለም የለም አልኩት። በዚህ ላይ ደህና ነበርን።

«እንቅልፍ ይወስድሃል?»

«ህእ።»

እስክሪፕቶውን አስቀመጠ። «ምግብስ ትበላለህ?»

«ህእ።»

«አሁንም መጣብህ?»

«ምኑ?»

«ትንፋሹ።»

«ትንፋሽማ ሁልጊዜ ይመጣል ዶክተር። ካልመጣ መች አለሁ!»

የደረት ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ጀርባዬን፣ ደረቴን፣ ጎኔን ሁሉ አዳመጠ። ግንባሩ ተቋጠረ። «ይገርማል» አለ። «ዝም ስትል ፍጹም ጤነኛ ነህ። የሚብስብህ ከሰው ጋር ስትነጋገር ነው ማለት ነው?»

አሰብኩበት። መምህራችን ኮልፌ ላይ ከጠፈጠፉ ስር ካሉኝ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ይህ ሰው እንዴት አወቀብኝ ብዬ፣ ከልቤ፣ ረጅም አድርጌ ሳብኩለት። «ህእእእ!»

ሐኪሙ ወንበሩን ገፋ አድርጎ ተነሳ። ራጅ መነሳት እንዳለብኝ፣ የራጁ ወረፋ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚደርሰኝ፣ እስከዚያ ድረስ ግን ከልጆች ጋር እንዳልገናኝ ለመምህርቷ ነገራቸው። መምህራችን የሚመጡት ግን ራጁ ሳይደርስ፣ በያዝነው ሳምንት ሐሙስ ነበር። ክፍል ካልገባሁ አያዩኝም፤ ካላዩኝ አላልፍም፤ ካላለፍኩ ምርቃት የለም። በማላውቀው በሽታ አባቴን ላዋርደው ነው። ማደሪያዬ ገብቼ አልጋ ላይ በጀርባዬ ተኛሁና ደረቴን ራሴ ለማዳመጥ ሞከርኩ። አንገት አይደርስም።

ሐሙስ ጠዋት መምህራችን አዲስ ባርኔጣ አድርገው ከተፍ አሉ። ርእሰ መምህሩ፣ አጭር፣ ደግ፣ ክብ ሰው፣ ቢሯቸው አስገቧቸው። መምህርቷ ጎናቸው ተቀመጡ። እኔ በሩ አጠገብ እንደ ተከሳሽ ቆምኩ።

«ስለ ተማሪዎ የሚያሳዝን ነገር ልነግርዎት ነው» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«ህእ» አሉ መምህራችን፣ በትሕትና።

ርእሰ መምህሩ ደንገጥ አሉ። «ደህና ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይቀጥሉ።»

«ልጁ ደረቱን ታሟል።»

«ህእ...»

«ሐኪሙ ከልጆች ራቅ ይበል ብሏል።»

«ህእ።»

«ተላላፊ... ተላላፊ ሊሆን ይችላል።»

«ህእ!»

ርእሰ መምህሩ ወንበራቸውን ቀስ አድርገው ወደ ኋላ ሳቡ። ዘወር ብለው መስኮቱን ከፈቱት። «አብራችሁ ነው የመጣችሁት?» ብለው ጠየቁ፣ ፊታቸውን ወደ ንጹሑ አየር መልሰው።

«የለም። እኔ ገና ዛሬ መግባቴ ነው።»

«እንግዲያው ይዛችሁት የመጣችሁት ከአገራችሁ ነው።»

ይህን ጊዜ መምህርቷ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ መምህራችንን አዩ። ጎንበስ ብለው እንደ ዳኛ መጠየቅ ጀመሩ።

«እርስዎ መምህር ነዎት?»

«ህእ» አሉ መምህራችን።

«ይህ ከተማ ናይሮቢ ነው?»

«ህእ።»

«ዛሬ እሑድ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ ሐሙስ ነው» አሉ መምህራችን ግራ ገብቷቸው።

መምህርቷ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። እኚያ ደርባባ ሴት ሲስቁ ግቢው ሰማ። «አዎ ነው! አዎ ማለታቸው ነው! ይኼ ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጆቼን አዎ፣ አዎ እያለ ነው በድንጋጤ የጨረሳቸው!»

መምህራችን ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ፣ ክፍል ውስጥ እንዲህ ሲሉ ነበር እንዴ?»

«እርስዎም እኮ አሁን ብለውታል፣ መምህር።»

«እኔ? እኔ መቼ አልኩ?»

«ስንት ጊዜ!» አሉ ርእሰ መምህሩ መስኮቱን እየዘጉ። «እኔ እንኳ ለቤተ ሰብዎ ምን ብለን እንደምንጽፍ እያሰብኩ ነበር።»

ለሐኪሙ ስልክ ተደወለ። መምህርቷ ነገሩን ሲያስረዱት ሦስት ጊዜ አስደገማቸው። ከዚያ ራጁ ቀረ።

መምህርቷ ከእኔ ቀድመው ክፍል ገቡና ለልጆቹ ምሥጢሩን ነገሯቸው። እኔ ስገባ ብድግ ያሉት በሳቅ ታፍነው ነው። መምህራችን ኋላ ተቀመጡ። መዳፌን ተመለከትኩ፤ «ዝም» የሚለው በላብ ደብዝዟል።

«በአገሬ አዋሽ የሚባል ወንዝ አለ» አልኩ። «ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ባሕር ግን አይደርስም፣ በረሃ ውስጥ ይቀራል። በእናንተ አገርስ እንዲህ ያለ ወንዝ አለ?»

ቀጭኗ ልጅ ተነሳች። «አለ፣ ሰር። ኤዋሶ ንጊሮ።»

«ህእ» አልኩ፣ ሳላስበው።

ክፍሉ በሙሉ፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ባንድ ጊዜ ሳበ፤ «ህእእእ!» የመስኮቱ መጋረጃ ወደ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ይህን ሳጋንን አይደለም። ትንሽ ነው ያጋነንኩት።

«ውሸት ነው!» ብሎ ተነሳ ያ የኪሊማንጃሮው ልጅ። «ኤዋሶ ንጊሮ ባሕር ይደርሳል!»

«አይደርስም! ረግረግ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል።»

«አጎቴ እዚያ ነው የሚኖረው፣ አንቺ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አጎትህ ባሕር አይቶ ያውቃል?»

ግማሹ ክፍል ለእሷ «ህእ!» ግማሹ ለእሱ «ህእ!» ሆነ። ካርታ ላይ ሮጡ፣ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየጎተቱ ተገፋፉ። ዝናብ በሚዘንብበት ዓመት ይደርሳል የሚል ሦስተኛ ወገን ተነሳ። ያ ጠረጴዛ ስር የተደበቀው ልጅ እንኳ ወንበር ላይ ቆሞ ይከራከር ጀመር። እኔ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ሰሌዳውን ተደግፌ፣ እንደ ትልቅ ሰው ለሁሉም ወገን እኩል ራሴን እየነቀነቅሁ ቆምኩ። ኋላ መምህራችን ትንፋሻቸውን ሲስቡ አየኋቸው፤ ወዲያው አፋቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። ደወሉ ሲደወል ልጆቹ አልሰሙትም፤ እየተጨቃጨቁ ነው የወጡት።

መምህራችን ኮሪደሩ ላይ ትከሻዬን ያዙኝ።

«አንተ!» አሉኝ። እንዴት ደስ የሚል ቃል ነው። «አናገርካቸው! ከሁሉ የወደድኩልህ ግን፣ በወንዙ ሲጣሉ መልሱን እያወቅህ አለመንጠቅህ ነው። ያ የኮልፌው ሰው ቢሆን ኖሮ ጮሆ ይነግራቸው ነበር። ይህን ዓይነት ትዕግሥት በዕድሜዬ ጥቂት አስተማሪ ላይ ነው ያየሁት። አልፈሃል።»

«ህእ» አልኳቸው።

በዚያው ዓመት ተመረቅሁ። እናቴ ቀሚሷን ለበሰች፤ አባቴ በጉራጊኛ ጀምሮ በጉራጊኛ ጨረሰ። እኔም ይኸው እስከ ዛሬ ጂኦግራፊ እያስተማርኩ እንጀራዬን እበላለሁ።

ያ ትዕግሥት ግን ትዕግሥት አልነበረም። ኤዋሶ ንጊሮ ባሕር ይድረስ አይድረስ አላውቅም ነበር። ወንዝ መኖሩንም የሰማሁት ከልጅቷ ነው። ዝም ያልኩት ከልጆቹ አንዱ አሸንፎ ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ ነው።